ድንበርተኛ የቀመሰው ስንዴ

«ቅናት ነው እንግዲህ፤ ሰው ሆኖ የማይቀና የለም» አሉኝ ጋሽ ኃይለመስቀል፣ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ሰብስበው ጥሩሰውን ይቅር እንድለው ሲለምኑኝ። እንዴት እንደተናደድኩ! ዓመት የለፋሁበትን ስንዴ ያጠፋብኝ ሰው፣ ሥራው በዚህ ለስላሳ ስም ተሸፍኖለት እኔ ጉንጩን እንድስመው ነው የፈለጉት።

ጥሩሰው ድንበርተኛዬ ነው። ከአሰላ ወጣ ብሎ ማሳችን ጎን ለጎን ነው፤ የሚለየን አንድ ቦይ ብቻ። በእኛ ሰፈር ኮምባይነር ሲመጣ ሹፌሩ ባለማሳውን አያምንም። ባለማሳ ሁሉ ተራው እንዳያልፈው «ደርቋል» ይላላ! ስለዚህ ድንበርተኛው ይጠራል። እሱም ዛላውን በመዳፉ አሽቶ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ይሰብራታል። ቀርጨም ካለች ይታጨዳል፤ ካላለች ማሽኑ ያልፋል።

ያን ቀን እናቴን ሐኪም ቤት ይዤ ሄጄ ነበር። የኮምባይነሩ ሹፌር ከዲሮ ደወለልኝ።

«እህቴ፣ ወላሂ አዝናለሁ። ድንበርተኛሽ ስንዴሽ እርጥብ ነው አለኝ። እኔ ወደ በቆጂ እየወጣሁ ነው፣ እዚያ ይጠብቁኛል።»

ማሳዬ ደርሼ ዛላ ቆርጬ ነከስኩ። ቀርጨም! ሌላ ጥግ ሄጄ ነከስኩ፤ ያው ነው። ከዲሮን ተመለስልኝ ብዬ ብለምነው ቃሉን ለሌሎች ሰጥቷል። ሳምንት ሳይሞላ ያለ ወቅቱ የመጣ ዝናብ ስንዴውን መሬት ላይ አስተኛው፤ ፀሐይ ሳያገኝ ሰንብቶ እዛላው ላይ በቀለ። የልጆቼ የዓመት ቀለብ የከብት መኖ ሆነ። የጥሩሰው ስንዴ ግን ቀድሞ ታጭዶ ጎተራ ገብቷል። ተራ እንኳ አልተሻማንም!

ቅናትንማ አውቀዋለሁ። አምና የጎረቤቴን የሐመልማልን ማሳ ሳይ ቅናት አቃጠለኝ። ቤቷ ሄጄ «ይሄን ዘር ከየት አመጣሽው?» አልኳት፤ ነገረችኝ፣ ዘንድሮ የዘራሁትም እሱኑ ነው። ባሌም በልጅነታችን ክፉኛ ይቀናብኝ ነበር። ሰው እንዳይወስድበት ፈርቶ ነው፤ ቢያበሳጨኝም ይገባኛል። ይሄኛው ግን «እኔም ይኑረኝ» አይል፣ «ያለኝን አትንኩብኝ» አይል። እሷ አይኑራት፣ በቃ!

«ምቀኝነት ነው» አልኳቸው። «መጀመሪያ በስሙ ይጥሩት፤ ስለ ይቅርታው ከዚያ እናወራለን።»

«ኧረ ልጄ፣ ምቀኛ አታሳጣኝ ይባል የለ!» ብለው ሳቅ አሉ፣ ሊያበርዱኝ።

«ጋሼ፣ እንደዚያ የሚለው ስንዴው የተሰበሰበለት ሰው ነው!»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። «ምላስሽን ያዝ አድርጊ» ያለኝም ነበር። ጥሩሰው አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል። «ተሳስቼ ነው» ሲል ነበር የሰነበተው። ዕድሜ ልኩን ስንዴ ሲነክስ የኖረ ሰው ተሳሳትኩ ሲል አያፍርም? ወደ እሱ ዞርኩ።

«አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ስንዴዬ ታጭዶ ቢሆን ኖሮ አንተ ምን ይጎድልብህ ነበር?»

ቀና ብሎ ሽማግሌዎቹን አየ።

«መልስላት እንጂ» አሉት ጋሽ ኃይለመስቀል።

«ምንም» አለ። ቀጥሎም «ምንም አይጎድልብኝም ነበር። ሲያምርላት ማየቱ ነው ያቃተኝ» አለ።

ጋሽ ኃይለመስቀል ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ከመካከላቸው «ይቅር በይው» ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም።