በዓይን የተለካ ቀሚስ

ሰፈሩ «ዓይነ ሜትር» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ግን ለወጉ ያህል ነው። ሰው በሱቁ በር ሲያልፍ አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ያየዋል፣ አለቀ፤ ትከሻውም ወገቡም ጭንቅላቱ ውስጥ ገባ። በዚህ ዓይኑ ጉራውን ሲቸረችር ኖሯል። ጉራ ደግሞ ውሎ አድሮ ባለቤቱን ሳያዋርድ አይቀርም።

ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ልጃቸው ለትምህርት ርቃ ከሄደች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሚስቱ ስልክ ብቻ ሆኗል። ስልኩ ሲጮህ ያ ትልቅ ቦርሳ ግራ ትከሻዋ ላይ ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል። ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ድፍት ትላለች። ራት አቅርቦ ሲጠብቃት «አንተ ብላ፣ እኔ አልራበኝም» ትለዋለች። ምጥ የያዛት ሴት ሁሉ የሚስቱን እጅ ጨብጣ ታምጣለች፤ እሱ ያንን እጅ ከያዘ ቆይቷል። ወንድ ልጅ ደግሞ «ሚስቴ ረሳችኝ» ብሎ ለማን ይናገራል? ዋጠው። የዋጠው ነገር ግን አልፈጭ አለው።

ሳቂታ የመጣችው እንግዲህ ይኼኔ ነው። ሳቂታ የወጣትነቱ ፍቅረኛ ናት፤ ቤተሰቧ ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር ይዘዋት ሄዱ፣ ፍቅሩም በዚያው ቀረ። አሁን የታመመች አክስቷን ልትጠይቅ መጥታ የሱቁ በር ላይ ቆማ ሳቀች። ሳያያት በሳቋ አወቃት። መርፌው ጣቱን ወጋው።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬም እንዳቀረቀርክ ነህ?»

ልጅ! ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው «አንተ ልጅ» ሲባል ልቡ ምን እንደሚሆን የተባለ ያውቀዋል።

ቀይ ጨርቅ ይዛ ነበር፤ ቀሚስ እንዲሰፋላት። ሜትሩን ከአንገቱ ሲያወርድ በእጇ ከለከለችው። «ተወው ባክህ፣ አንተ እኔን በሜትር ነው እንዴ የምታውቀኝ? በዓይንህ ለካኝ» አለችው። ለካት። ለክቶ ከጨረሰ በኋላም ዓይኑን አልመለሰም።

ከዚያ ወዲያ ሰበብ አላጣችም። አንዴ ክር ልምረጥ ትላለች፣ አንዴ አዝራር። ከስፌት መኪናው አጠገብ በርጩማ ስባ ትቀመጥና «ምሳ በልተሃል?» ትለዋለች። ይህች ጥያቄ ብቻዋን ልትገድለው ምንም አልቀራት። እሳትና ጭድ አንድ ላይ አይቀመጥም የሚለውን ከልጅነቱ ሲሰማ አድጓል፤ ግን በርጩማውን ወዲያ አድርጊው አላላትም።

አንድ ቀን ሳትስቅ ተናገረች። «ቅዳሜ በማታው አውቶቡስ እመለሳለሁ። ቀሚሱን ለብሼ ነው የምሄደው። አንተም አብረኸኝ ና።»

«ትዳር አለኝ እኮ።»

«አንተ ትዳር አለኝ ትላለህ። ትዳርህስ፣ አንተ አለኸኝ ይልሃል?»

ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ የዚህ ሰውዬ ደግሞ መቀሱ እጁ ላይ ነበር። የዚያኑ ዕለት ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ ያለ ሜትር፣ ያለ ምልክት ይቆርጠው ጀመር። መቀሱ እንዲህ በራሱ ሄዶለት አያውቅም።

ዓርብ ለሚስቱ «ነገ ጨርቅ ላመጣ ሌላ ከተማ እሄዳለሁ» አላት። ስልኳን እያየች «እሺ» አለች። መቼ ትመለሳለህ ብትለው ኖሮ ይቀር ነበር፤ እንዲያውም እንድትለው ቆሞ ጠበቀ። አላለችውም። ከፋው። ልብሱን በትንሽ ሻንጣ ከትቶ መቁረጫው ጠረጴዛ ስር ደበቀው።

ቅዳሜ ጀምበር ስታዘቀዝቅ የሱቁን በር ገርበብ አድርጎ ተቀመጠ። የእግር ኮቴ በሰማ ቁጥር ይነሳል፣ ይቀመጣል። ጎረቤቱ ጫማ ሠሪው ብቅ ብሎ «ዛሬ ምጥ ይዞሃል እንዴ? ሚስትህን ልጥራልህ?» ሲለው ሻንጣውን በእግሩ ወደ ውስጥ ገፋው። ሳቂታ ስትደርስ ሰላም እንኳ ሳይላት ቀሚሱን ዘረጋላት። ተቀብላው ከመጋረጃው ጀርባ ገባች።

ጨርቁ ሲንኮሻኮሽ ሰማ። ሳቋን ጠበቀ፤ ሳቅ የለም። መጋረጃውን ገልጣ ወጥታ መስተዋቱ ፊት ቆመች። በቀኝ በኩል ልክ ነው፤ በግራ በኩል ግን ጨርቁ ትከሻዋን ተጭኖ አንገቷ ስር ተጨማዷል።

«ምነው ዓይነ ሜትር?»

ሊያስተካክል ጠጋ ብሎ ስፌቱን ሲነካው ገባው። የግራውን ትከሻ ከቀኙ አንድ ጣት ዝቅ አድርጎ ቆርጦታል። ይህን ትከሻ ያውቀዋል። ያ ትልቅ ቦርሳ ዓመት ከዓመት ተጭኖ ተጭኖ ዝቅ ያደረገው ትከሻ ነው።

ሳቂታ በመስተዋቱ ውስጥ ፊቱን አየችው። «የኔ ትከሻ እኩል ነው» አለች፣ ቀስ ብላ። «ይሄ የማን ነው?»

«እጄ ስቶ ነው። አሁኑኑ ፈትቼ...»

«እጅህስ አልሳተም።»

የራሷን ልብስ ለብሳ ወጣችና ቀሚሱን ስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችው። «ለባለቤቱ ስጠው» አለችው። በሩ ላይ ትንሽ ቆመች፤ ይጥራት እንደሆነ ብላ ነው። አልጠራትም። ከሄደች በኋላ ሻንጣውንና ቀሚሱን አንስቶ መንገድ ዳር ቆመ። አውቶቡሱ ገና አልተነሳም፤ ቢሮጥ ይደርስበታል። ጥሩምባው ተሰማ። እግሩ ወደ ቤቱ ወሰደው።

ሚስቱ እንደ ወትሮዋ አልተኛችም። «ጨርቅ ልታመጣ አልሄድክም እንዴ?» አለችው። ወዲያው ቀዩን ነገር ክንዱ ላይ አየች። ተቀብላ ዘረጋችው። «ለእኔ ነው?» ፊቷ ላይ የድሮው ብርሃን ብልጭ አለ። መልሱን ሳትጠብቅ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ለብሳው ወጣች። የግራው ትከሻ ልኩ ላይ ቁጭ አለ። «አዎ» ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ዓይኗን ማየት አቃተው።

«መቼ ለካኸኝ?»

«አልለካሁሽም። ለሌላ ሴት ነው የቆረጥኩት።»

ሁሉንም ነገራት፤ ሳቂታን፣ አውቶቡሱን፣ ሻንጣውን። መሀል ላይ ስልኳ ጮኸ፣ ጮኸና ቆመ። ተሳድባ ብታባርረው ይቀለው ነበር። እሷ ግን እስከ መጨረሻው ሰማችው።

«ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ቀሚስ ሰፍተህልኝ አታውቅም» አለች በመጨረሻ። «የመጀመሪያውም የሰው ሆነ።»

እውነቷን ነው። ከገበያ የተገዛ ስትለብስ እያየ፣ አንድ ቀን እንኳ ልስፋልሽ ብሏት አያውቅም። አንገቱን ደፋ።

«ትከሻውን አውቀኸዋል። ወገቡንስ?» ቀሚሱን በሁለት እጇ ወገቧ ላይ ሰብስባ ያዘችው። የተረፈው ጨርቅ እንደ ባዶ ጆንያ ተንጠለጠለ። «የሰፋኸው ለድሮዋ እኔ ነው። የሥራ ጓደኞቼ ሁሉ ምን ሆነሽ ከሳሽ ሲሉኝ ከረሙ። አንተ ሰውን ሁሉ በዓይንህ ትለካለህ።»

ቀና ብሎ አያት። የአንገቷ አጥንት ወጥቷል፤ ጉንጯ ሟሟል። ይህን ሁሉ ጊዜ ሶፋው ላይ ድፍት ስትል የናቀችው ይመስለው ነበር።

«አሞሽ ነው?» አላት።

«አሁን ገና ጠየቅከኝ» አለች። «በል ሻንጣህን አስቀምጥና ቁጭ በል። የምነግርህ አለ።»