የእማማ ጥሩሸዋ ቋጠሮ

«ቦራውን በሬ ነው የማርደው!» አለ ፍሬው ከድንኳኑ ውስጥ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ለእናቴ ተዝካር ምን ይሰሰታል?»

መንበረ ቤት ውስጥ፣ ከምሰሶው ሥር ሰሌን ላይ እንደተቀመጠች ሰማችው። የነጠላዋን ጥለት ለሐዘን ወደ ፊቷ ገልብጣዋለች፤ ሁለት ሌሊት ያልተኙ ዓይኖቿ አብጠዋል። አጠገቧ ያሉት ሴቶች አንዴ እሷን፣ አንዴ እርስ በርሳቸው ተያዩ። የሟች ምራት፣ የዚያ በሬ አራጅ ሚስት ናትና ምን እንደምትል ለመስማት ጓጉተዋል። እሷ ግን ከሰፌዱ ላይ አንድ የባቄላ ንፍሮ አነሣችና ሳትበላው በጣቶቿ መሐል ታሸው ጀመር።

«ሰማሽው አይደል?» አለቻት ጎረቤቷ ጌታነሽ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ። «ሐዘን ሰው ይለውጣል። ቦራውን እኮ ነው የሚልሽ!»

«ሰማሁ።»

«አንቺ ደግሞ ሃያ ዓመት ስስታም ነው እያልሽ…»

«ሃያ ሁለት» አለች መንበረ።

ከዘመሮ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቀው በዚህ መንደር ፍሬውን የሚጠላ ሰው የለም። ችግሩም ይኸው ነው። አይሰክርም። ሚስቱ ላይ እጁን አንሥቶ አያውቅም። በሌላ ሴት ታምቶ አያውቅም። በግ አድልቦ ይሸጣል፤ ዘመሮ ላይ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ሠርቶ ያከራያል፤ የገንዘብ ሳጥኑን ቁልፍ ከማተቡ ጋር አስሮ አንገቱ ላይ ይዞ ይዞራል። ገላውን ሲታጠብ እንኳ አያወልቀውም። መንበረ ሲመራት ለሰው ብትናገር መልሱ ያው አንድ ነው፦ «ታዲያ ምን አደረገሽ?» ምን አደረገኝ ትበል? ለጨው፣ ለጋዝ፣ ለልጄ ደብተር ስጠኝ እያልኩ በገዛ ቤቴ ደጅ ስጠና ኖርኩ ትበል? በጎቹን የማበላ እኔ፣ የተሸጡበትን የማላይ እኔ ትበል? ሁለት ጊዜ ለሽማግሌ ተናግራዋለች። ለሃያ ዓመት ሆዷን ያቃጠለው ነገር ከአፏ ሲወጣ አንሶ ሽማግሌዎቹ ፊት የጨው ጉዳይ ብቻ ሆነ።

ሟቿ እማማ ጥሩሸዋ የፍሬው እናት ናቸው። ከስድስት ዓመት በፊት ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። መጀመሪያ መርፌ ላይ ክር ማስገባት አቃታቸው፤ ቀጥሎ የሰው ፊት ጠፋባቸው፤ ብዙም ሳይቆይ ቀኑን ከሌሊቱ ብቻ የሚለዩ ሆኑ። መፍተል ግን አልተዉም። በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ የበግ ጠጉሩን በእጃቸው እየዳበሱ ያባዝታሉ፣ እንዝርቱን ያሾራሉ። ከእሳቸው ክር የተሠራ ባና ብርድ ልብስ ገበያ ላይ ቀድሞ ይነሣ ነበር። የሚሸጠው ፍሬው ነው።

በዚያው ዓመት የጤና ሠራተኛዋ ቤት ለቤት እየዞረች፣ ደብረ ብርሃን የዓይን ሐኪሞች መጥተው ሞራ በነፃ እንደሚያወጡ፣ በየዓመቱም እንደሚመለሱ ተናገረች። የሚያስፈልገው የመኪና መሳፈሪያና የሁለት ቀን ማደሪያ ነው። እማማ ጥሩሸዋ ያን ዕለት ቋጠሮ አዘጋጁ። አንድ ለመስቀል የተሰፋ ቀሚስ፣ አንድ ያልተለበሰ ነጠላ፣ አንድ የፕላስቲክ ጫማ፣ በጨርቅ የተቋጠረ በሶ። ያሰረችላቸው መንበረ ናት። ምሰሶው ላይ፣ እጃቸው በሚደርስበት ከፍታ ሰቀሉት።

«ስንሄድ የትም ጎልተሽ ውሰጂኝ» አሏት። «ስንመለስ ግን በመስኮቱ በኩል ነው። አገሬን እያየሁ ልምጣ።»

ፍሬው «አጨዳው ይለፍ» አለ። አጨዳው አለፈ። «ጥምቀት ይለፍ» አለ፤ ጥምቀትም አለፈ። አንዱን ዓመት እውነቱን ነው፤ መንገዱ ተዘግቶ ከረመ። በአራተኛው ዓመት፣ ሁለተኛውን ክፍል ቆርቆሮ ባለበሰበት ሰሞን ማለት ነው፣ «በዚህ ዕድሜዋ ምን ልታይበት ነው?» አለ። እማማ ጥሩሸዋ እዚያው ተቀምጠው ነበር። የታመመው ዓይናቸው ነው እንጂ ጆሯቸው ደኅና ነው።

«እውነትህን ነው ልጄ» አሉት።

ያን ቀን ተጨማሪ አልፈተሉም። ቋጠሮውን ግን አላወረዱትም። መንበረም እንዳይሻግት በየጊዜው በሶውን ትለውጠው ነበር።

ከትናንት ወዲያ እማማ ጥሩሸዋ ሲያርፉ ሊገንዙ የመጡት ሴቶች መገነዣ ጠየቁ። በዚህ አገር ያረጀ ሰው መገነዣውን በቁሙ አዘጋጅቶ ነው የሚቀመጠው። ፍሬው በር ላይ ቆሞ ወደ ምሰሶው ጠቆመ።

«እዚያ ነው። ካዘጋጀች ቆይታለች፤ እናቴ ብልህ ናት።»

ሴቶቹ ቋጠሮውን ፈቱት። ቀሚሱ ወጣ። ነጠላው ወጣ። ጫማው ወጣ። በሶው ሲወጣ አንዷ ግራ ገብቷት፣ «ምንድን ነው? ለሰማይ ቤት ስንቅ ነው?» አለች።

«የደብረ ብርሃን ነው» አለች መንበረ። «ለዓይናቸው።»

ፍሬው ጫማውን አየው። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ምሰሶ ሥር ሲወጣና ሲገባ እናቱ ለሞት የተዘጋጀች መስሎት ኖሯል። ምን እንደሆነ ጠይቋት አያውቅም። ጥቂት ከቆመ በኋላ ወደ ጓሮ ዞረና እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ። ወንድ ልጅ እንዲህ ሲያለቅስ አላየንም ተባለ። ለቅሶው የእውነት ነበር፤ መንበረ አትክደውም። የመገነዣው አቡጀዲ ከዘመሮ እስኪመጣ ሴቶቹ ጠበቁ። የበሬው ወሬ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

«ይኼን ቋጠሮ ለነዳይ መስጠት ነው እንግዲህ» አለች ጌታነሽ አሁን፣ ተመልሶ የተሰቀለውን ቀና ብላ እያየች።

«እሰጠዋለሁ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታሉ በር ላይ።»

«ደብረ ብርሃን ምን ልትሠሪ?»

መንበረ ሰፌዱን አስጠጋችላት። ጌታነሽ ግን ሞኝ አይደለችም። የመንበረ ልጅ ፍሬሕይወት ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ተቀጥራ እንደምትሠራ ታውቃለች። ንፍሮዋን ጨብጣ ወጣች፤ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ድንኳን ደረሰ።

መንበረ ከሁለት ዓመት በፊትም ልትሄድ ተነሥታ ነበር፤ ከበሩ ሳትወጣ ቀረች እንጂ። ያኔ ከእንቁላል ያጠራቀመችውን የእማማ ጥሩሸዋን መሳፈሪያ ፍሬው ከበርበሬው ማሰሮ ውስጥ አግኝቶ ማዳበሪያ ገዛበት። ተደብቆ አይደለም፤ ሲመሽ «ጥሩ አድርገሽ አስቀመጥሽልን» ብሎ አመሰገናት። በማግሥቱ ልብሷን ስትሸክፍ እማማ ጥሩሸዋ በዳበሳ መጥተው ቀሚሷን ያዙ።

«ልትሄጂ ነው?»

«አዎ እማማ።»

«ተቀመጪ እስቲ።» እሳቸውም ቁጭ አሉ። «እሱን እኔ ነኝ ያሳደግሁት። በሰባ ሰባቱ ረሀብ ታናሹ ከጀርባዬ ላይ ሲሞት አጠገቤ እየሄደ ነበር። ሰባት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ቁራሽ ሰጥቼው ሁሉንም በልቶ አያውቅም፤ ግማሹን ኪሱ ይከታል። ልጄ ክፉ አይደለም፤ ይፈራል።»

«እኔስ እማማ?»

ብርሃን የሌለው ዓይናቸው ወደ በሩ አፍጥጧል። «አንቺማ ደክመሻል» አሉ በመጨረሻ። «አልፈርድብሽም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ እኔን ቅበሪና የፈለግሽውን አድርጊ።»

መንበረ ቀረች። ዘንድሮ እንደገና አጠራቀመች፤ አሁን ብሩን መቀነቷ ውስጥ ሰፍታ፣ ስትተኛም ሳትፈታው። ከእማማ ጋር ቀን ቆርጠው ነበር፦ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ፣ ሰኞ፣ ለፍሬው ሳይነግሩ። እማማ ጥሩሸዋ በዐቢይ ጾም አጋማሽ አረፉ። አሁን ሰሌኑ ላይ ተቀምጣ የምታስበው በአብዛኛው ይኼንን ነው። ለምን አምና አልሆነም? ለምን ተበድራ አልወሰደቻቸውም? ፍሬውን ትወቅሰዋለች፤ ራሷንም አትምርም። የሚያበሳጫት እሱን የመውቀስ ጉልበቷ እንኳ ማለቁ ነው።

በሰልስቱ ቀን፣ ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ከቀመሰ በኋላ፣ የቤቱ የነፍስ አባት አባ ወልደ ሥላሴና የእድሩ ዳኛ አቶ በኃይሉ ወደ ቤት ገቡ። ፍሬው ከኋላቸው ተከትሎ ገባ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ትከሻው ጠቧል። አባ ወልደ ሥላሴ መስቀላቸውን አሳልመዋት ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ልትሄጂ ነው የሚባል ሰማን።»

«እውነት ነው አባ።»

«በሐዘን ላይ ሐዘን አይሆንም? ሰውየው እኮ ልቡ ተሰብሯል። ሲናዘዝ የሰማሁ እኔ ነኝ። ንገሩኝ አትበይኝ፣ አልነግርሽም፤ ግን ተሰብሯል።»

«እሳቸውን የማሳክምበት ብር ስጠኝ ብዬ ስድስት ዓመት ለመንኩት አባ። አሁን በሬ ያርዳል። በሬውን የሚበላው ማን ነው?»

አቶ በኃይሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያለፈው አልፏል። አሁን ራሱ ይናገር።»

ፍሬው እጁን ወደ አንገቱ ሰደደና ከማተቡ ጋር የታሰረውን ክር ይፈታ ጀመር። ክሩ ለዓመታት ሳይፈታ የኖረ ነውና በጥርሱ ሳይቀር ታገለው። ሲፈታለት ቁልፉን መንበረ ፊት ሰሌኑ ላይ አስቀመጠ።

«ውሰጂው» አለ። «ያለው ሁሉ ያንቺም ነው። ጠይቂኝ አልልሽም ከእንግዲህ።»

መንበረ ቁልፉን አየችው። ትንሽ ነው፤ ከላብ ብዛት ጠቁሯል። ሃያ ሁለት ዓመት ስትመኘው የኖረችው ይኼ ነው? ይኼን ሰው አንድ ጊዜ ወድዳው ነበር። ኪሱ ውስጥ ቁራሽ የሚደብቀውን የሰባት ዓመት ልጅ አሰበች። የት ትሄዳለች? ልጇ የምትኖረው አንድ ክፍል ኪራይ ቤት ነው። ቁልፉን ብታነሣው ሁሉም ይገላገላል፤ እሷም ትተኛለች። እንቅልፍ አምሯታል።

«እስከ ነገ ላስብበት አባ» አለች።

«መልካም ነው! መልካም ነው!» አሉ አባ ወልደ ሥላሴ፤ ነገሩ ያለቀ ያህል ደስ አላቸው። ነፍስ ይማር ብለው ጸሎት አድርሰው ተነሡ። አቶ በኃይሉም ተነሡ። ፍሬው ሊሸኛቸው አብሮ ሲነሣ እጁ ወደ ሰሌኑ ወረደ፤ ቁልፉን አነሣ፤ እየተራመደ ክሩን አንገቱ ላይ መልሶ አሰረ። ፊቱ ወደ አባ ወልደ ሥላሴ ነበር፤ ስለ ዝናብ እያወራቸው ነበር። ምን እንዳደረገ ያወቀም አይመስልም።

መንበረ ባዶውን ሰሌን ጥቂት አየችው። ከዚያ በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጋደም አለችና ተኛች።

ጠዋት ቋጠሮውን ከምሰሶው አወረደች። የራሷንም ልብስ በፌስታል ይዛለች። ፍሬው የድንኳኑን ካስማ ሲነቅል አገኘችው።

«ልሄድ ነው ፍሬው።»

ቀና አለ። «ቁልፉን ሰጥቼሽ የለም እንዴ?»

ይህን ሲል እጁ አንገቱ ላይ ደረሰና እዚያው ቀረ። ቁልፉን በጣቶቹ ይዞት ለረጅም ጊዜ ቆመ። መንበረ አልተቆጣችም። አዘነችለት፤ ማዘኗ ግን እግሯን አላሰረውም።

«ለአርባቸው ትመጫለሽ?» አለ በመጨረሻ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እመጣለሁ። ስለ ሌላው ሽማግሌ ፊት እንነጋገራለን። በጎቹን ውኃ አጠጣቸው፤ ከትናንት ጀምሮ አልጠጡም።»

ዘመሮ መናኸሪያ ስትደርስ መኪናው ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ ወንበር አገኘች። እማማ በመስኮቱ በኩል ያሉት ስንመለስ ነው፤ ዛሬ መሄጃው ነው። ሰው እግር ሥር ልታስቀምጣቸው ግን አልሆነላትም። ቋጠሮውን መስኮቱ ጥግ አስደግፋ እሷ ከዳር ተቀመጠች።

«እናት፣ ዕቃውን ጣራ ላይ ፖርቶ መጋላ እናውጣው» አለ ረዳቱ። «ሰው ይቀመጥበታል።»

«አይወጣም።»

«እንዴ! ለጨርቅ ቋጠሮ ወንበር ልንይዝ ነው?»

መንበረ መቀነቷን ፈትታ ስፌቱን በጥርሷ በጠሰችው። ብሩ በላብ ተጣብቋል። አላቅቃ ሰጠችው።

«የሁለት ሰው ቁረጥ» አለችው።

ረዳቱ ፊቷን አየ፤ የተገለበጠውን ጥለት አየ፤ ሳይከራከር ሁለት ትኬት ቆርጦ ሰጣት። መኪናው ሲነሣ መንበረ በቋጠሮው ላይ እጇን አሻግራ የመስኮቱን መጋረጃ ወደ ጎን ሰበሰበችው።