ደጃፍ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ወጣ ሲል፣ የሰበታው ጥጥ ፋብሪካ አዲስ መኪና አስገብቶ ሰው ሊቀንስ ነው ተባለ። የሚሰናበተው ሰው ስም የሚጠራው ቅዳሜ ነው። ጉድ እኮ ነው! ያ ሁሉ ጎረምሳ ዶሮ ታቅፎ፣ ቅቤ ቋጥሮ የሹሙን ደጅ ሲጠና ሰነበተ። ወርቁ ግን ዶሮም አልገዛ፣ ደጅም አልጠና። ዶማና አካፋ ተውሶ ከገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ጉድጓድ ይቆፍር ጀመር፤ ሸማኔ ሲሠራ እግሩን የሚያስገባበትን ጉድጓድ።

«ኧረ በማርያም፣ በጓሮ በኩል አድርገው!» አለች ሚስቱ ድንቅቱ። «ሙያ በልብ ነው።»

«በልብ ብቻ ከሆነ ልጆቹ ምን ይበላሉ? ጓሮው ጨለማ ነው፤ ክር ብርሃን ይፈልጋል።»

ነገሩስ የብርሃን ብቻ አልነበረም። የሸማኔ ልጅ መሆኑን ከድንቅቱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ከዘመዶቿ ስምንት ዓመት ሙሉ ደብቆ ኖሯል። የዚያን ጊዜ ሰው ሸማውን ለብሶ ሸማኔውን ይንቅ የለ! በሚያኮራ ነገር ሲያፍር መኖሩ አሁን አንገበገበው።

ሐሙስ ጠዋት አማቱ ኦቦ ባጫ ከተፍኪ በበቅሎ መጡ። «አካም ቡልቴ?» ብለው ሰላምታቸውን ሳይጨርሱ ጉድጓዱን አዩ። እሳቸው ገበሬ ናቸው፤ ጉድጓድ ሲባል የሚያውቁት የእህል ነው።

«አንተ፣ እህል ደጃፍ ላይ ይቀበራል? ውሃ ሊገባበት!»

ድንቅቱ ቶሎ ብላ «ቦታ ጠፍቶ ነው፣ አባባ» አለች።

ወርቁ ዶማውን ጣለ። «አይደለም አባቴ። የሸማኔ ጉድጓድ ነው። ወላጅ አባቴ ሸማኔ ነበር፤ እኔም ሙያውን ከሱ ተምሬአለሁ። ፋብሪካው ቢያሰናብተኝ ልጅዎን የማበላት በዚህ ነው።»

ኦቦ ባጫ ከበቅሎዋ ወረዱ።

«ሊያባርሩህ ነው ሲሉ ሰምቼ፣ ልጄንና ልጆቿን ልወስድ ነበር የመጣሁት» አሉ። «እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ አማች አልፈልግም ብዬ።» ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን መረመሩና ዶማውን አነሱ። «ጠቦሃል። ይሄ ሁሉ ቅልጥም የት ሊገባ ነው?»

እስከ ምሳ ሰዓት አብረው ቆፈሩ።

ቅዳሜ የወርቁ ስም ተጠራ። የባለዶሮዎቹም ተጠራ፤ ዶሮውስ ተበልቶ ቀረ! ሌላው አንገቱን ሲደፋ ወርቁ «አቤት!» ብሎ ወጣ፤ ድምፁ ግቢውን ሞላው።

ጸሐፊው የስንብት ወረቀቱን ሊሞላ መዝገቡን ገለጠ። «የአባት ሥራ፣ ገበሬ ይላል።»

«ውሸት ነው። ስቀጠር አፍሬ የተናገርኩት ነው። ሰርዘህ ሸማኔ በልልኝ።»

«ከተሰናበትክ በኋላ ምን ያደርግልሃል?»

«ለኔስ ምንም። አባቴን የካድኩት እዚህ ወረቀት ላይ ነው፤ ሳላስተካክለው አልወጣም።»

ጸሐፊው ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ሰረዘና ጻፈ። ወርቁም ቀለሙ እስኪደርቅ ቆሞ ጠበቀ።