አዴ ሰባት

በወረቀት ላይ ሰባት ቁጥር ነበረች። አዴ ሰባት ያልኳት እኔ ነኝ። ወግ ያላት ሴት አዴ ተብላ ነው የምትጠራው፤ ጦጣ ብትሆንስ?

ከሸነን ከተማ አለፍ ብሎ፣ ጅባት ጫካ ጥግ፣ አንድ የጥናት ግቢ ነበር። ወር አበባቸው የቆመ አሥር አሮጊት ጦጣዎች ነበሩበት፤ እኔ ምግብ ሠሪያቸው ነበርኩ። ዶክተር እንግዳወርቅ ሲቀጥረኝ ነገሩን አስረዳኝ። ሆርሞን የሚሉት ክኒን ለስድስት ወር ይሰጣቸዋል። የሠራላቸው ወደ ጫካቸው ይለቀቃሉ፤ ያልሠራላቸው በመርፌ ተገድለው አጥንታቸው ይመረመራል። ጭካኔ ነው አልኩት፤ ሳቀ።

የእኔም ወር አበባ የቆመው በዚያው ዓመት ነው። ሙቀቱ ተነሥቶ ፊቴን ሲለበልበኝ አዴ ሰባት ሽቦውን ይዛ ታየኛለች። "አንቺስ ክኒን አለሽ፤ እኔን ማን አየኝ?" እላታለሁ። ወደድኳት። ጫካዋ ስትገባ ከማየት ሌላ ምንም አልፈለግኩም።

ክኒኑን የምሰጣቸው በጭኮ ጠቅልዬ ነው፤ የተቆላ ገብስ አስፈጭቼ፣ በተነጠረ ቅቤ አሽቼ። ሌሎቹ ሆዳሞች ናቸው፣ የሰጧቸውን ይውጣሉ። እሷ ግን ያልጣማትን ሞተው ቢለምኗት አትውጥም። ስለዚህ ጭኮውን ሁልጊዜ አስቀድሜ እቀምስ ነበር። በሁለት ወር ጠጉሯ መለስ አለ፤ የጎረቤቷን ቅማል መልቀም ጀመረች።

አራት ወር እንዳለፈ ሁዳዴ ገባ። ለጾሙ ሁሉ የሚበቃ ቅቤ ባንድ ጊዜ አነጠርኩ። ቅቤ ነውና አልቀመስኩትም፤ ጭኮውንም ሃምሳ አምስት ቀን አፌ ላይ አላደረስኩትም። አዴ ሰባት ትቀበለኛለች፣ ጉንጯ ይነፋል፣ እንደ ልማዷ ማደሪያ ሣጥኗ ውስጥ ትገባለች። እኔ "በላች" ብዬ ወረቀቷ ላይ እፈርማለሁ።

በአራተኛው ሳምንት ጠባይዋ ተበላሸ። ጥግ ይዛ ጠጉሯን ትነጫለች። በወር አንዴ የምቀይረውን ገለባዋን ላወጣ እጄን ባስገባ ነከሰችኝ፤ ሣጥኑን ተውኩት። ስድስት ወሩ ሊሞላ ሲል ዶክተሩ ወረቀቴን አገላብጦ፣ "በየቀኑ ወስዳለች፤ በቃ፣ አልሠራላትም" አለ።

"ቢያንስ ከፋሲካ በኋላ ይሁን" ብዬ ለመንኩት። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ወጋት። እጇን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። የተረፈውን ቅቤ "ለበዓል ይሁንዎት" ብሎ ሰጠኝ።

የፋሲካ ጠዋት በዚያ ቅቤ በሠራሁት ዶሮ ገደፍኩ። መረረኝ። ልጄ ሃዊ ጎርሳ ፊቷን አጨማደደች፤ "እማ፣ ቅቤው ላይ አብሽ አብዝተሻል" አለችኝ።

ተነሥቼ በባጃጅ ወደ ግቢው ሄድኩ። የአዴ ሰባትን ሣጥን ከፍቼ ገለባውን ገለበጥኩት። ጭኮው እንደ ጠጠር ደርቆ ከሥሩ ተከምሯል። አንዱን ሰበርኩት፤ ክኒኑ መሐሉ ላይ እንዳለ ነው። ሌላም ሰበርኩ። እዚያው ገለባው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ማክሰኞ ዶክተሩ ከበዓል ሲመለስ ጭኮውን በነጠላዬ ቋጥሬ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩለት፤ የሆነውንም ሁሉ ነገርኩት። ወረቀቶቼን ከመሳቢያ አውጥቶ ከጭኮው አጠገብ አስቀመጣቸው።

"አዴ ወርቂቱ፣ በየቀኑ በላች ብለው የፈረሙት እርስዎ አይደሉም?"

"እኔ ነኝ" አልኩ።