አልጋ የተከለከለችው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊዋ እንቅልፍ ካጣች ዓመት አልፏታል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ጋደም ትልና ጎኗ እስኪዝል ስትገላበጥ ታነጋለች።

ከባሏ ጋር ሄዳ ያማከረቻት የሥነ ልቦና ባለሙያ የሁለት ሳምንት የእንቅልፍ ማስታወሻዋን አገላብጣ አየችው። "እናቴ፣ አልጋ ላይ አሥር ሰዓት ይቆያሉ፤ የሚተኙት አምስት ተኩል ብቻ ነው። አልጋዎ የጭንቀት ቦታ ሆኖብዎታል። ከእንግዲህ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት በፊት አይጋደሙ፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ደግሞ ተኙም አልተኙም ይነሱ" አለቻት።

"እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ለመጣ ሰው አልጋ ይከለከላል?" አለ ባሏ ደጅ እንደወጡ። ቢሆንም አብሯት ሊያመሽ ቃል ገባ። እሱ እንኳ ጭንቅላቱ ትራስ ሲነካ የሚያንኮራፋ ሰው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ጠባቂው ሲያንጎላጅ በክርኗ የምትጎስመው እሷው ነበረች።

ለማምሸት ወሬ ያስፈልጋል። ለካ ለዓመታት ከ"በላህ?" እና ከ"ተኛሽ?" ያለፈ ነገር አልተጨዋወቱም። አንድ ጊዜ ከሥራ ሲቀነስ ደብቋት፣ ሁለት ወር ሙሉ ሥራ የገባ መስሎ በየመንገዱ እንደዋለ ነገራት።

"አውቅ ነበር" አለችው፤ "የጫማህ ሶል አልቆ አይቼ።"

በአራተኛው ሳምንት፣ ለማንም ያላወራውን የእናቱን የመጨረሻ ቀን ሲያጫውታት አንገቷ ትከሻው ላይ ዘመም አለ። ሰዓቱን አየ፤ ስድስት አልፏል። ደግፎ አልጋዋ ላይ አስተኛት፤ ብርድ ልብሱን ሲያለብሳት እንኳ አልሰማችውም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቀሰቀሳት።

"ከዚያስ?" አለችው ዓይኗን ሳትገልጥ፤ "እናትህ ምን አሉህ?"