ከቀዩ መስመር ወዲያ

ሆስፒታላችን ውስጥ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉ በር ሥር፣ ወለሉ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል። እኔና «ጎማ» የምንለው ባልደረባዬ በሽተኛ በተሽከርካሪ አልጋ እየገፋን እስከዚያ ድረስ እንሄዳለን። ከመስመሩ ወዲያ ያሉት፣ አረንጓዴ ልብስና የውስጥ ጫማ ያደረጉት፣ የራሳቸውን አልጋ ይዘው ይመጣሉ። በሽተኛውን ከእኛ አልጋ ወደ እነሱ እናሳልፋለን፤ በሩ ይዘጋል። ሦስት ዓመት ሙሉ ያ በር ፊቴ ላይ ሲዘጋ ኖሯል።

ጎማ ሃያ ዓመት አልጋ ገፍቷል። እኔን «ዝምታው» ይለኛል።

አንድ ሰኞ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ስምንተኛ ክፍል ያጠናቀቁ የጽዳትና የማመላለስ ሠራተኞች ስድስት ወር ሠልጥነው ረዳት መሆን ይችላሉ ይላል፤ በካርድ ክፍል፣ በላቦራቶሪ ወይም በቀዶ ሕክምና ክፍል። ቅጹ ላይ የዚያ ክፍል ኃላፊ መፈረም አለበት። ምዝገባው ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት ያበቃል።

«ካርድ ክፍል ግባ» አለኝ ጎማ። «ወንበር አለው። እግርህን በጊዜ ጡረታ ታወጣዋለህ።»

«ላቦራቶሪስ?»

«የሰው ሽንት በብልቃጥ ይዘህ ስትዞር ማን ልጁን ይድርልሃል?»

«እኔ የምፈልገው እዚያ ነው» አልኩና በአገጬ ወደ በሩ አመለከትኩ።

ሳቁን አቆመ። «ታዲያ ሲስተርን ጠይቃቸዋ! ብትናገር ምላስህ ይቆረጣል?»

«ዝም አይነቅዝም።»

«አይነቅዝም፤ ግን አይፈረምለትም።»

ሲስተር የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ቅጹን ሞልቼ፣ ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ በደረት ኪሴ ይዤ እስከ ሐሙስ ዞርኩ። በቀን አራት አምስት ጊዜ መስመሩ ላይ ፊት ለፊት እንገናኛለን። የበሽተኛውን ስም ይጠይቁኛል፤ እመልሳለሁ። ሌላ ቃል ከአፌ አይወጣም። ሐሙስ ማታ ቅጹን ሳወጣው ጠርዙ በላቤ ለስልሶ ነበር።

ዓርብ ጠዋት የሐሞት ጠጠር የሚወጣላቸው አንዲት እናት ደረሱን። ጎማ ከፊት ይስባል፤ እኔ በአንድ እጄ እገፋለሁ፤ ሌላውን እጄን እሳቸው ይዘውታል።

«ልጄ፣ አንተም ትገባለህ አይደል?»

«ውስጥ የሚያውቁ ሰዎች አሉ፣ እማማ።»

«እኔ የማውቀው አንተን ነው።»

መስመሩ ጋ አሳለፍናቸው። የውስጡ አልጋ ሲንቀሳቀስ እጄን አልለቀቁም። ጣት በጣት፣ ሳያስከፉ ማላቀቅ ጎማ መጀመሪያ ያስተማረኝ ሙያ ነው። አላላቀቅሁም። አብሬያቸው ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ለእሳቸው ብዬ ብቻ አልነበረም።

ሰባት እርምጃ ተራመድኩ።

«ጫማህ!» ሲል አንዱ ጮኸ።

በውጭ ጫማዬ የረገጥኩት ወለል እንደገና ታጥቦ እስኪደርቅ እማማ ባዶ ሆዳቸውን አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቁ።

ከሰዓት በኋላ ሲስተር አስጠሩኝ።

«ሴትዮዋ በደህና ወጥተዋል» አሉ፣ ገና ሳልቀመጥ። «ሦስት ዓመት መስመሩን ጠብቀህ ዛሬ ምን ነካህ?»

ቅጹን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አነበቡት።

«የመጨረሻው ቀን ዛሬ አይደለም እንዴ? እስከ ዛሬ የት ነበርክ?»

«አፍሬ ነው፣ ሲስተር።»

«ለመጠየቅ አፍረህ ለመርገጥ አላፈርክም?»

አንገቴን ደፋሁ። «ለመሆኑ ውስጥ ምን አየህ?» አሉኝ።

ነገርኳቸው። በሕይወቴ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም። መሣሪያዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደራቸውን፣ የመቀሶቹ እጀታ ሁሉ ወደ አንድ ወገን መዞሩን፣ መብራቱ ጥላ የማይጥል መሆኑን፣ አንዷ ሠራተኛ የታጠበ እጇን ከፍ አድርጋ ይዛ በሩን በጀርባዋ መክፈቷን።

ሲስተር እስክሪብቶ አንስተው ነበር። መልሰው አስቀመጡት።

«ዛሬ ብፈርምልህ፣ ነገ ማንን ነው መስመር አትርገጥ የምለው?»

«ልክ ነዎት» አልኩ። ልክ ነበሩ፤ የከፋው እሱ ነው።

«የሚቀጥለው ምዝገባ የዛሬ ዓመት ነው።»

«በመጀመሪያው ቀን እመጣለሁ።»

«እናያለን» አሉና ቅጹን መለሱልኝ።

ጎማ ደጅ ላይ ይጠብቀኛል። «ፈረሙ?»

«አልፈረሙም።»

«እንግዲያው ቶሎ በል! የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ወዳጄ ነው፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይፈርምልሃል። የክፍሉን ስም ሰርዘህ ሌላ መጻፍ ነው።»

የካርድ ክፍሉ በር ከቆምንበት ይታያል። ወንበሩም ይታያል።

«ይቅርብኝ» አልኩት።

«ዓመት እኮ ነው፣ አንተ ዝምታው! ዓመት ሙሉ አልጋ ልትገፋ!»

«እገፋለሁ።»

ሊሰድበኝ አፉን ሲከፍት ከሦስተኛው የሕሙማን ክፍል ተጠራን፤ ድንገተኛ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት የሞላው በሽተኛውን መስመሩ ላይ ስናሳልፍ ነበር። ጎማ ባዶውን አልጋ አዙሮ እያጉረመረመ ሄደ። እኔ ትንሽ ቆየሁ። ከውስጥ ውሃ ሲወርድ ይሰማል። እጃቸውን እየታጠቡ ነው።