የቮልሷ ኩሽኔታ

የኩሽኔታ መንቀያው ብሎን እንደገና አመለጠና መፍቻው የመካኒኩን የጠናን ጉልበት መታው። አሮጌው ኩሽኔታ ግን ካለበት ፈቀቅ አላለም። ጠና ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገና ከቮልሷ አፍንጫ ሥር ተመልሶ ተንበረከከ።

ቮልሷ የሲስተር ዘነበች ናት። ዘነበች ጡረታ እስክትወጣ አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ ምጥ የበረታባቸውን የሌሞ ወረዳ እናቶች በዚህች መኪና ጭቃውን እያቋረጠች ሆሳዕና ሆስፒታል ስታደርስ ኖራለች። ሆስፒታሉ በር ሳይደርሱ የኋላ ወንበር ላይ የተወለዱም አሉ። ጡረታ ከወጣችም በኋላ ሰው ሲጠራት ቁልፏን አንስታ ትወጣለች። ሰሞኑን ግን ከፎንቆ ከተማ ስትመለስ የፊት ጎማዎቹ ይወዛወዙባት ጀመር።

ጠና የቀኙን ጎማ አውልቆ፣ ጎማውን የተሸከመውን ክንድ ከፊት አክስሉ ቱቦ ስቦ ሲያወጣው፣ ክንዱ የሚዞርበት ኩሽኔታ ደቅቆ አገኘው። በኩሽኔታው ውስጥ ያሉት እንደ መርፌ የቀጠኑ ዘንጎች ተሰባብረው መሬት ላይ ረገፉ፤ የውጭው ቀለበት ብቻ ቱቦው ውስጥ ዝጎ ቀረ። እሱ ካልወጣ አዲሱ አይገባም። ቱቦው ከተጎዳ ደግሞ ምትክ ከየትም አይገኝም። ሌሎች ጋራዦች አይተው፣ ፈታትተሽ ለመለዋወጫ ሽጫት ብለው ነው ዘነበችን የመለሷት።

በሆሳዕና ጠና ያልዳሰሰው አሮጌ መኪና የለም ይባላል። ካለፈው ክረምት ሕመሙ ወዲህ ግን ቀኝ እጁ ይንቀጠቀጣል። ደንበኞቹ አያውቁም፤ አብራው የምትሠራው ርብቃ ግን ታውቃለች። ከሙያ ትምህርት ቤት እንደወጣች እሱ ዘንድ የገባች፣ ዛሬ ሞተር ፈትታ የምትገጥም ሴት ናት።

ጠና ቀለበቱን በእሳት ላሙቀው አለ። የነዳጅ ታንኩን አስቀድመው አውርደውታል። ርብቃ ግን ቱቦውን ዝገት በልቶ አቅጥኖታል፣ እሳት ካገኘው ይጣመማል አለችው።

"ቀለበቱን በውስጥ በኩል ዙሪያውን ልበይደው" አለችው። "ብየዳው ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ቀለበቱንም አብሮ ይሰበስበዋል። ያኔ ራሱ ይለቃል።"

"ቱቦውን ከነካሽውስ?"

"ከነካሁት ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። መኪናዋም አለቀላት።" ይህን ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። "በተጣለ ብረት ላይ ስሞክረው ነው የሰነበትኩት፣ ጋሼ። መጀመሪያ አበላሸሁ። አሁን እጄ ለምዶታል።"

ጠና አሰበ። በዚህ ጋራዥ እንዲህ ያለ ቀጭን ብየዳ ከእሱ ሌላ ሰው ሠርቶ አያውቅም። እምቢ ለማለት አፉን ከፈተና ቀኝ እጁን አየ። ከዚያ ተነሥቶ በር ላይ ወደተቀመጠችው ዘነበች ሄደ፤ የሚሆነውንም፣ ሊበላሽ የሚችለውንም ሳይደብቅ ነገራት። የምትበይደው ርብቃ መሆኗንም ጨመረላት።

ዘነበች ወደ ቮልሷ ዞረች።

"እኔ መጀመሪያ ሳዋልድ ያስተማረችኝ ሴት አጠገቤ ነበረች፤ እጇን ከኋላዋ አጣምራ ቆማ" አለች። "በዚያን ቀን እጇን ብታስገባ ኖሮ እኔ አዋላጅ አልሆንም ነበር። ትሥራው፣ አቶ ጠና።"

ርብቃ ቱቦውን ከዝገትና ከግራሶ አጸዳች። ጭንብሉን አጥልቃ በጎኗ ተኛችና ቀጭኑን ኤሌክትሮድ ወደ ቀለበቱ አስጠጋች። ብርሃኑ ብልጭ፣ ጥፍት ይላል። ትንሽ ትበይዳለች፣ ትታገሳለች፣ ደግሞ ትቀጥላለች። ጠና ፊቱን አዙሮ በጆሮው ብቻ ይከታተላል፤ ድምፁ በየተራው እኩል ነው፣ አይጮኽም። የእሱ እጅ በደህናው ዘመን የሚያወጣው ድምፅ ነበር።

ስትጨርስ ቀለበቱ አልተነቃነቀም። ጠና መዶሻ አነሣ።

"አይምቱት፣ ጋሼ። ይቀዝቅዝ።"

መዶሻውን መልሶ አስቀመጠ። ሦስቱም ጠበቁ። ከመንገዱ የጋሪ ፈረስ ኮቴ ይሰማል። ብረቱ ሲቀዘቅዝ ጠቅ፣ ጠቅ ይል ነበር፤ በኋላ እሱም ጸጥ አለ። ርብቃ በካቻቢቴ ጫፍ ነካ ስታደርገው ቀለበቱ ዞረ። መንቀያው ሊያወጣው ያልቻለውን ቀለበት በሁለት ጣቷ ይዛ ለብ እንዳለ አወጣችው።

ጠና ጣቱን ቱቦው ውስጥ ሰዶ ዙሪያውን ዳሰሰ። ልስልስ ነው፤ አንዲት የብየዳ ጠብታ አልነካችውም። ደግሞ ዳሰሰው። ሥራ ላይ ሁልጊዜ የሚያወሩት በአማርኛ ነበር፤ አሁን ግን ለልጆቹ በሚናገርበት በሀዲይኛ ቀስ ብሎ መረቃት። ርብቃ አቀረቀረች። ዘነበችም ቀለበቱን ተቀብላ እያገላበጠች አየችው፤ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠራረገች።

የግራው ጎማ ኩሽኔታ ገና ቀርቷል። ርብቃ ጭንብሉን አውልቃ ለጠና ዘረጋችለት።

"ይሄን እርስዎ ይሥሩት። እጅዎን እኔ እደግፈዋለሁ" አለችው፣ ዘነበች እንዳትሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጠና ጭንብሉን አልተቀበላትም። ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን የእጅ መብራት አወረደ። በጋራዥ መብራት መያዝ የጀማሪ ሥራ ነው፤ እሱ ከጎረምሳነቱ ወዲህ ለማንም ይዞ አያውቅም። ካርቶን በግራው ጎማ በኩል አነጠፈ፣ ጉልበቱን እየያዘ ተጋደመና መብራቱን በደህናው እጁ ወደ ቱቦው አቀና።

"በየት በኩል ላብራልሽ?" አላት።